ጠበቃዋን ይጠይቁ፦ ልጄ የገደቡን ግዴታ መፈጸም አቃተው

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ላይ፣ በገደብ የተለቀቀ ሰው ቅጣቱ ታገደለት እንጂ ከነጭራሹ አልቀረለትም ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ስለ ኑሮው የሚጠይቁ ናቸው። «ይህን አድርግ፣ ያንን አታድርግ» ተብሎ የወጣ ሰው በየቀኑ እንዴት ይኑር? የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም ትቻለሁ፤ ማንነታቸውን የሚያስለየውንም ለውጫለሁ።

«እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 22 ዓመቱ ነው፤ የሚኒባስ ረዳት ነው። ስታዲየም አካባቢ ከሌላ ረዳት ጋር በተሳፋሪ ተጣልቶ በብረት መታውና የዚያኛው ረዳት እጅ ተሰበረ። 1 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት፤ ቅጣቱም በ3 ዓመት ገደብ ተያዘለት። የሕክምናውን 18,000 ብር ሠርቶ ከፍሎ ጨርሷል። ሌላው ግን ብዙ ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሰፈራችን ያለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይፈርማል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከቤት አይወጣም፤ መጠጥ አይቀምስም፤ ስታዲየም አካባቢ አይደርስም፤ ከመጥፎ ጓደኛ ይርቃል፤ አድራሻ አይቀይርም። ያኔ ካዛንቺስ ነበርን። ቤታችን ለልማት ሲነሣ ገላን ጉራ ገባን። አሁን ለመፈረም ሰኞ ጠዋት ካዛንቺስ ድረስ ይሄዳል። የመኪናው ባለቤት ‹ሰኞ ጠዋት የማይገኝ ረዳት ምን ይሠራልኛል› እያለው ነው። ሁለት ሰኞ ሳይፈርም ቀርቷል። ጓደኞቹ ‹ገደቡ ተሰብሯል፣ ክፍለ ሀገር ግባ› ይሉታል። ልሸኘው ወይስ ላስቀረው?» — እናት፣ ከገላን ጉራ

እናቴ፣ ያስቀሩት። አንድም ቀን ቢሆን እንዳይሸኙት። ሁለት ሰኞ የቀረ ልጅ ምክንያቱን ማስረዳት ይችላል። አገር ጥሎ የጠፋ ልጅ ግን ለዳኛው የሚናገረው ነገር አይኖረውም። በዚህ ሳምንት የውሳኔውን ግልባጭ፣ ከካዛንቺስ መነሣታችሁን የሚገልጽ የወረዳ ደብዳቤ እና ከመኪናው ባለቤት ስለ ሥራ ሰዓቱ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይያዝና ቅጣቱን ወዳገደው ችሎት ራሱ አቤቱታ ይዞ ይሂድ። ፖሊስ ከማቅረቡ በፊት በራሱ እግር ቢሄድ ይሻላል። ጠበቃ የመያዝ አቅም ከሌላችሁ የፍርድ ቤቱን ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ጠይቁ። እኔም ዓመታት የሠራሁት እዚያ ነው፤ እንዲህ ያለውን አቤቱታ በአንድ ገጽ ይጽፉላችኋል።

አሁን ወደ ግዴታዎቹ ልምጣ፤ የእርስዎ ደብዳቤ ብዙ ቤት ያለውን ችግር ስለያዘ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ስለ ገደብ የሚናገረው ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ነው። ቅጣቱ ታግዶ ሰውየው የሚፈተንበት ጊዜ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ከ5 ዓመትም አይበልጥም። ጥፋተኛው መልካም ጠባይ ለማሳየትና ያደረሰውን ጉዳት ለመካስ ግዴታ ይገባል፤ ልጅዎ ሁለተኛውን በላቡ ፈጽሟል፤ ይህ በአቤቱታው የመጀመሪያ መስመር ላይ መጻፍ አለበት። ከዚያ ቀጥሎ ዳኛው እንደ ሰውየው ሁኔታ የጠባይ ደንቦችን ይጨምራል፦ ሙያ መማር፣ በአንድ ቦታ መኖር ወይም ከአንድ ቦታ መራቅ፣ ከመጠጥ መታቀብ፣ ከተወሰኑ ሰዎች ጋር አለመዋል። ሕጉ እነዚህን የዘረዘረው ዳኛው የሚያስፈልገውን መርጦ እንዲወስድ ነው። በተግባር የማየው ግን ዝርዝሩ እንዳለ ሲገለበጥ ነው። መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው መጠጥ ይከለከላል፤ ጠቡ በቀትር የተነሣ ሰው ማታ እንዳይወጣ ይታዘዛል።

የልጅዎን ስድስት ግዴታዎች አንድ በአንድ ይዤ «ይህ የተጻፈው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ስታዲየም አካባቢ አይድረስ የተባለው የተጎዳውን ልጅ ለመጠበቅ ነው። ይህ ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ እንዲነሣ አልጠይቅም። ነገር ግን «አካባቢ» የት ያበቃል? ለገሃር አካባቢው ነው? ሜክሲኮስ? ከቃሊቲ በሳሪስ አድርጎ ወደ ለገሃር የሚመጣ ታክሲ ላይ የሚሠራ ልጅ በር ከፍቶ ተሳፋሪ ባወረደ ቁጥር ግዴታውን ይጥሳል ወይስ አይጥስም? እሱም አያውቅም፤ ቢይዘው ፖሊሱም አያውቅም። ስለዚህ አቤቱታው «ተበዳዩ ተራ የሚይዝበት የታክሲ ማቆሚያ አይገባም፣ ተበዳዩን አያነጋግርም፣ ሰው አይልክበትም» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቅ። ይህ ለተጎዳው ልጅ የበለጠ ጥበቃ ነው፤ የእርስዎንም ልጅ ከእንጀራው አያፈናቅለውም።

የምሽት ሰዓቱ ለታክሲ ረዳት ሥራ ማጣት ማለት ነው። ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የሚሄደው ሕዝብ ተሰልፎ የሚቆምበት ጊዜ ነው፤ የቀን ገቢው ዋናው ክፍል የሚገኘውም ያኔ ነው። ጠቡ የምሽት ጠብ ካልነበረ ይህ ግዴታ ከወንጀሉ ጋር ምን አገናኘው? እንዲነሣ ይጠይቅ። ካልሆነም ለሥራው እንዲመች ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት እንዲገፋ።

ስለ መጠጡ እርስዎ ያውቃሉ። ልጁ ሲጠጣ እጁ የሚነሣ ከሆነ ይህ ግዴታ ይቆይ፤ እውነቱን ለእርስዎ ልተው። ካልሆነ ግን ለቅዱስ ሚካኤል በተጠመቀ ጠላ ምክንያት እስር ቤት የሚያስገባው መስመር ሆኖ መቀመጥ የለበትም።

«ከመጥፎ ጓደኛ ይራቅ» የሚለውን ማንም ሊፈጽመው አይችልም። አንድ ጊዜ ልደታ ቢሮዬ ውስጥ አንድ ወጣት ደንበኛዬ ትእዛዙን በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበልኝና እዚህች ሐረግ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ማን ነው?» አለኝ። «አንተ ማን ይመስልሃል?» ስለው ዝም አለና የታላቅ ወንድሙን ስም ጠራ። የሚኖረው እዚያው ወንድሙ ቤት ነበር፤ ሌላ መጠጊያ አልነበረውም። ዳኛው ያሰቡት ማንን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ስም ያልተጠራለት ክልከላ ለሚያከብረው ሰው ጭንቀት፣ ለሚቆጣጠረው ደግሞ እንደ ስሜቱ የሚመዘው ሰይፍ ነው።

አድራሻ አለመቀየሩ በእሱ እጅ አልነበረም። ቤቱ ሲነሣ ማስታወቅ ግን ነበረበት፤ ይህንን በግልጽ ይመን፣ ይቅርታ ይጠይቅ። ፊርማውም ወደ አቃቂ ቃሊቲ ወደሚቀርበው ጣቢያ ይዛወርለት፤ ቀኑ ከሰኞ ይነሣ፤ ክፍያውንም ስለፈጸመ በሳምንት የነበረው በወር አንድ ጊዜ ይሁንለት።

ይህ ሁሉ የእኔ የግል አስተያየት ብቻ እንዳይመስልዎ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1990 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የቶኪዮ ደንቦች የሚባሉ አሉ፤ ከእስር ውጭ ለሚፈጸሙ ቅጣቶች የወጡ ናቸው። 12ኛው ደንብ ግዴታዎች የሚተገበሩ፣ ቁርጥ ያሉና በተቻለ መጠን ጥቂት ይሁኑ ይላል። ሲጀመር በቃልም በጽሑፍም ለሰውየው ይብራሩለት ይላል፤ እንደ ሁኔታውም ሊሻሻሉ እንደሚችሉ ይናገራል። 14ኛው ደግሞ ግዴታው ተጣሰ ተብሎ ሰው በቀጥታ ወደ እስር እንዳይወረወር ያዛል። አቤቱታችሁ ላይ ጥቀሱት።

ግዴታ ሲበዛ ምን እንደሚከተል ለማየት አሜሪካን መመልከት ይበቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. የክልል መንግሥታት ምክር ቤት የፍትሕ ማዕከል ባወጣው ጥናት፣ ወደ ክልል እስር ቤቶች ከሚገቡት 100 ሰዎች 45 ያህሉ የገደብ ወይም የአመክሮ (ከእስራቱ ከፊሉን ፈጽሞ ቀሪውን ውጭ ሆኖ የመጨረስ) ግዴታ ጥሰው የተመለሱ ነበሩ። ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት አዲስ ወንጀል ሠርተው አልነበረም፤ ቀጠሮ ቀርተው፣ ሰዓት አሳልፈው፣ ክፍያ አቋርጠው ነው። ልጅዎ የቀራቸው ሁለት ሰኞዎች ከዚሁ ዓይነት ናቸው። እንዲህ ባለ ጉዳይ አንድ ልጅ ቂሊንጦ ሲገባ የተጎዳው ሰው የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም።

«ባለቤቴ በጩቤ ወግቶኝ 6 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። አሁን በአመክሮ ሊወጣ ነው እየተባለ ሽማግሌ ይላክብኛል፤ ዕርቅ ፈርሚ ይሉኛል። ሁለት ልጆች አሉን። ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሱቄን ያውቀዋል። ብፈርም ቤት እንዲገባ ፈቀድኩ ማለት ነው? ባልፈርምስ እኔ ነኝ ያሳሰርኩት?» — ከአራዳ

እህቴ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ልቅደም። ያሳሰረው የገዛ እጁ ነው። አመክሮውም በእርስዎ ፊርማ ላይ የቆመ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ፣ በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ያሳየ፣ ያደረሰውን ጉዳት እንደ አቅሙ የካሰ ወይም ለመካስ የተስማማ ታራሚ በማረሚያ ቤቱ ሐሳብ አቅራቢነት ወይም በራሱ ጥያቄ በፍርድ ቤት ሊለቀቅ ይችላል። ለ6 ዓመቱ ይህ 4 ዓመት ላይ ይደርሳል። ካሳ ልቀበል ወይም አልቀበል የሚለው መብትዎ ነው። ካሳ መቀበልና ባልን ቤት ማስገባት ደግሞ የተለያዩ ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ አንድ አድርገው ቢነግሩዎትም አይቀበሏቸው። ልብዎ ያላመነበትን ወረቀት ስለተለመኑ ብቻ አይፈርሙ።

ከላይ ለእናትየው ግዴታ ይቀነስ ብያለሁ፤ ለእርስዎ ግን ይጨመር እላለሁ። ሰውየው አንድን ሰው ለይቶ ነው የጎዳው፤ ያቺ ሰው ደግሞ የት እንደምትውል ያውቃል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደርና ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ያመልክቱ። በኋላ ከሆነ ይዘገያል። «አይቅረበኝ» ብቻ ብለው አይጻፉ፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ያልጠበቃቸውን ሰዎች አይቻለሁ፤ ባልየው ከመንገዱ ማዶ ካፌ ቁጭ ብሎ ሙሉ ቀን ሱቁን ሲያይ ይውልና ሲጠየቅ «መች ቀረብኳት?» ይላል። ሱቅዎ ያለበትን ሕንፃ፣ ቤትዎን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት እየጠቀሱ እዚያና ከእነዚህ ፊት ለፊት እንዳይገኝ ይጠይቁ። ስልክ እንዳይደውል፣ መልእክት እንዳይልክ፣ በዘመድም ሆነ በሽማግሌ በኩል ትታረቀኝ እያለ እንዳያስጨንቅዎ ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው በትእዛዞች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ በእኛ አገር ግን ትልቁ ግፊት የሚመጣው በነጠላ በለበሱ ሽማግሌዎች በኩል ነው፤ እምቢ ማለት የሚከብደውም እነሱን ነው።

ልጆቹን የማየት መብቱን በዚህ አይጨፍልቁት፤ የሚለየው በቤተሰብ ጉዳይ ችሎት ነው። እስከዚያው ልጆቹን የሚያገኝበት ቦታ የሁለታችሁም ያልሆነ፣ ለምሳሌ የአያታቸው ቤት፣ ቀኑና ሰዓቱም የታወቀ ይሁን፤ አምጪውና ወሳጁ ሌላ ሰው ይሁን። ጎረቤት ሱቆችዎ ትእዛዙን እንዲያውቁ ያድርጉ፤ ግልባጩን ሱቅ ውስጥ አንድ፣ ቤት አንድ ያስቀምጡ። ከታየ የታየበትን ቀንና ሰዓት ያኔውኑ ጽፈው ወደ ፖሊስ ይሂዱ።

«ጣሊያን ሰፈር የዕድር ሰብሳቢ ነኝ። ጡረተኛ መምህር ነኝ። የሰፈራችን ልጅ በስርቆት ታስሮ በአመክሮ ሲወጣ ‹እርስዎ ይከታተሉት› ተባልኩ። ልጁ የእንጨት ሥራ ጀምሯል። ትናንት ማታ ቢራ ሲጠጣ አይቼዋለሁ። ሪፖርት ላድርግ? ከዚህ በኋላስ ምን ምን ልከታተል?» — ከአራዳ

ጋሼ፣ መጀመሪያ የአመክሮውን ወረቀት ያንብቡ። መጠጥ ካልተከለከለ አንድ ቢራ የእርስዎ ጉዳይ አይደለም። ከተከለከለም ልጁን ጠርተው ይጠይቁት፤ መምህር ስለነበሩ የት ላይ መቆጣት፣ የት ላይ መምከር እንዳለብዎ ያውቃሉ።

የያዙት ሥራ ታሪክ አለው፤ ሊያውቁት ይገባል ብዬ አስባለሁ። በ1841 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ ጆን አውግስጦስ የሚባል ጫማ ሠሪ ፍርድ ቤት ገብቶ በስካር የተከሰሰ አንድ ሰው ወደ እስር ሊወሰድ ሲል ዋስ ሆነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየውን ተለውጦ ይዞት ሲመለስ ዳኛው የአንድ ሳንቲም መቀጮና የችሎት ወጪ ብቻ ወሰነበት። ዛሬ በብዙ አገር የመንግሥት ሠራተኛ የሚሠራው ክትትል የተጀመረው በእንዲህ ያለ ጎረቤት ነው። እኛ አገር ይህ ሥራ በሚገባ ስላልተደራጀ አሁንም የሚወድቀው እንደ እርስዎ ባሉ ሰዎች ላይ ነው።

ጆን አውግስጦስ ሰውየውን ሲከታተል ይፈልግ የነበረው ሥራና መጠጊያ ነው። እርስዎም የእንጨት ሥራውን ይከታተሉ። አለቃው ደመወዙን በሰዓቱ ይከፍለዋል? መሣሪያ የሚገዛበት አለው? የዕድር ድንኳን ሲተከል፣ ወንበር ሲጠገን ለእሱ ይስጡት፤ ሰፈሩ ሠራተኛ አድርጎ ይየው። አብረውት ከሰረቁት ጓደኞቹ አንዱ ሱቁ በር ላይ መቆም ከጀመረ ግን ያ የሚያሳስብ ነው፤ ሳይዘገዩ ይንገሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. የካናዳዎቹ ተመራማሪዎች አንድሩስ፣ ቦንታ እና ሆጅ ያወጡት ሐሳብ በሙያው ብዙ ተቀባይነት ያገኘ ነው፤ ክትትል የሚጠነክረው የከፋ ሥጋት ባለበት ሰው ላይ ነው፤ ሥጋቱ ትንሽ በሆነው ላይ ሲጠነክር ከሥራውና ከደህና ሰው ያርቀዋል፣ ይብስበታልም። ልጁን በየምሽቱ ከቡና ቤት በር ቢጠብቁት ሰፈር ሁሉ ሌባ መሆኑን ያስታውሳል። ሪፖርቱንም ሲጽፉ የሠራውን በጎ ነገር ከጥፋቱ እኩል ይጻፉ፤ ዳኛው ጥፋት ብቻ ሲያነብ ሌላው መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ዋስ ሆነው ከፈረሙ ደግሞ የዋስትናው ብር ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚጸና ከወረቀቱ ላይ ይመልከቱ። ካልተጻፈ ያስጽፉ።

«በገደብ ነኝ። ከአዲስ አበባ እንዳልወጣ ተብያለሁ። የእናቴ ተዝካር ደብረ ብርሃን ነው። ለሁለት ቀን ብሄድ ማን ያውቃል?» — ከሜክሲኮ

ነፍስ ይማር። ግን ሳያስፈቅዱ አይሂዱ። ኬላ ላይ መታወቂያዎ ሲታይ፣ ወይም አንድ ዘመድ በስልክ ያነሣው ፎቶ ሲዞር ይታወቃል፤ የእናትዎን መታሰቢያ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሩት ነገር አያድርጉት። ከቀኑ አስቀድመው ለችሎቱ የሚሄዱበትን ቦታ፣ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ቀን፣ የሚያርፉበትን ቤት ጽፈው ያመልክቱ፤ ከደብሩ አንዲት ማስረጃ ያያይዙ። በቃል ወይም በስልክ «ሂድ» ቢባሉ አይበቃም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው ይውጡ። ሲመለሱም በማግሥቱ መመለስዎን ያስታውቁ፤ ያስታወቁበትንም ቅጂ ያስቀምጡ።